ወሰኑ ያልተገኘው መሻገሪያ

እርጅና ያረጋጋሃል ብለውኝ ነበር። ውሸት ነው። የዚያን ዘመን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ድምፄ ከፍ ይላል፣ ባለቤቴም «ጀመረህ ደግሞ» ብላኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሷን የሰለቻትን እንግዲህ ለሌላ ሰው ልንገር። የሰለቸው ካለ እሱም ጓዳ ይግባ።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ያኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበሩ አንዱን ብጠራ ሌላው ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ተማርኩ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ስለነበር ለዚያ ወንበር በቃሁ። ጽሕፈቱን ያስያዙኝ አባቴ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ። የተቀጠርኩ ዕለት ካህናቱን ሰብስበው ጠላ አጠጡ፤ «ልጄ ከአፈር ወጣ» እያሉም ለመንገደኛው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

ከአፈር ወጥቼ የት እንደገባሁ ግን አላወቁም። ጠዋት ቢሮ እገባለሁ። አለቃዬ ዋና ጸሐፊው ኮታቸውን ሰቅለው ይቀመጡና ከአንዱ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ያቀብሉኛል። እኔ ለሌላው መሥሪያ ቤት «ጉዳዩን እንድትመለከቱት» ብዬ እጽፋለሁ። ያኛው «ጉዳዩ እኛን ስለማይመለከት» ብሎ ይመልሳል። መልሼ እጽፋለሁ። ባለጉዳዩ ደጅ ላይ፣ ከግንቡ ሥር ኩርምት ብሎ ይጠብቃል። ስንወጣ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣል፤ በማግስቱም እዚያው ነው። ከሩቅ የመጣ ነው፣ ስንቁን በአገልግሉ ይዞ። ስንቁ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ዋና ጸሐፊውም «አየህ፣ ጉዳዩ አለቀ» ይሉኛል። ቀልዳቸው አልነበረም። የምር ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ስወጣ ከደጃፉ ላይ ቆምኩና ራሴን ጠየቅሁ። እኔ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ በዚህ አገር ላይ ምን ተለወጠ? በእኔ ደብዳቤ የተጠገነ ጎዳና አለ? የዳነ ሰው አለ? ወንበሬ ባዶ ቢውል ማን ይጎዳል? ባለጉዳዮቹን አየኋቸው፤ ለእነሱ ጉዳይ የቆምኩ መስሏቸው ሁሉም ብድግ አሉ። አፍሬ ሮጥ ብዬ አለፍኩ።

በዚያው ሰሞን ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ሥራው አልጣመኝም፣ አባባ።»

«ሥራ ደግሞ መጣም አለበት? ወጥ ነው?»

«ባዶነት ይሰማኛል።»

«ሆድህ ሞልቶ ባዶነት!» አሉ፤ ተቆጡ። «ከቆላው የሚወጣውን ሰው አታይም? ባዶነት ምን እንደሆነ ሄደህ እሱን ጠይቀው።»

ይህን ያሉት እኔን ዝም ለማሰኘት ነበር። እውነታቸውንም ነበር። ንግግሩ ግን አንጀቴ ውስጥ ቀረ።

ከቆላው የሚወጣውን ሰው ሁሉም ያይ ነበር። በልግ ቀርቶ ክረምቱም ጥቂት አካፍቶ አፉን ዘግቶ ነበር። በመጀመሪያ ገበያው በከብት ተጥለቀለቀ፤ ገዢ አልነበረም። ቀጥሎ ሰዉ የቤቱን በርና ማገር ፈልጦ ለማገዶ ይሸጥ ጀመር። ቤቱን ፈልጦ የሸጠ ሰው ወዴት ነው የሚመለሰው? ይህን ቢሮ ውስጥ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰዉ ራሱ መጣ፤ ከከተማው ዳር፣ ከአጥር ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና ከመስጊዱ ደጅ ተቀመጠ። በቤቱ ያለው ያቅሙን ያካፍል ነበር። ነገር ግን ደጋው ራሱ ገብሱን አጥቶ ነበር።

እህል ከደሴ ተጭኖ ተነሣ የሚል ወሬ ሲመጣ ከተማው ነፍስ ዘራ። ለወትሮው የማይነጋገሩ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ተሳሳሙ። ለእርሻው የከለከለን ሰማይ ግን መንገዱን ለማፍረስ ሲሆን አልሰሰተም። በአንድ ከሰዓት የወረደ የበረዶ ዝናብ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ መኪና የሚያልፍበትን የጅረት መሻገሪያ ጠርጎ ወሰደው። መኪኖቹ ከማዶ ቆሙ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሥራ የጀመረው። ጅረቱ የሚወርደው በሁለት አውራጃ መካከል ነበር። ዋና ጸሐፊው ጠሩኝና አጻፉኝ፦ መሻገሪያው በእኛ ክልል ስላልሆነ የጎረቤት አውራጃ እንዲያስጠግነው። እኔ በዚያ ባማረ ጽሕፈቴ ጻፍኩ። የጎረቤቱ መሥሪያ ቤት መለሰ፦ መሻገሪያው በእናንተ ክልል ስለሆነ እናንተ አስጠግኑት። መልሰን ጻፍን። መልሰው ጻፉ። ደብዳቤውን የሚያመላልሰው መልእክተኛ በበቅሎ ያንኑ ጅረት እየተሻገረ ነበር የሚሄደው።

ይህ ሲገባኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ መልእክተኛው በበቅሎ እየተሻገረ እኮ ነው። እህሉስ በአህያ አይሻገርም?»

«እህሉ በመኪና እንዲደርስ ነው የታዘዘው» አሉኝ።

«በአህያ ቢደርስ ምን ይሆናል?»

«በአህያ ከመጣ ማን ከማን ተረከበው ይባላል? በመንገድ ቢጎድል ማን ይጠየቃል? አንተ ትጠየቃለህ?»

«እጠየቃለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጅነትህን ቢሮ ይዘህ አትምጣ» አሉና ሌላ ወረቀት አቀበሉኝ።

ደብዳቤው ሲበዛ ዋና ጸሐፊው ራሳቸው ቦታው ድረስ ሄደው ወሰኑን ሊያዩ ተነሡ። እኔን አስከተሉ፤ የሚያዩትን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። በላንድሮቨር ሄድን። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አልተገለጠም፤ ከጉሙ ውስጥ አልፎ አልፎ መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ይታዩና ይጠፉ ነበር። ዋና ጸሐፊው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተኙ።

ስንደርስ ጉሙ ተነሥቶ ነበር። ከማዶ «ኤንትሬ» የምንላቸው የጣሊያን የጭነት መኪኖች ሸራቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። ከወዲህም ከወዲያም ሰው ተቀምጧል። ማንም አይጮኽም፣ ማንም አይገፋም፤ ዝም ብሎ ሸራውን ያያል። መሻገሪያው የነበረበት ቦታ የሰው ቁመት የሚያህል ገደል ሆኗል። በታች በኩል ግን ሰውና ከብት የሚሻገርበት ቦታ አለ፤ ውሃው እስከ ጉልበት ነው።

ዋና ጸሐፊው ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻገሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የድንበር ድንጋይ ይፈልጉ ጀመር። አንድ የአካባቢ ሰው ጠርተው «ወሰኑ የት ነው?» ይላሉ። ሰውየው «ጅረቱ ነው» ይላል። «ጅረቱ የድሮው ነው ወይስ አሁን የሄደበት?» ይላሉ። ሰውየው ግራ ይገባዋል። እኔ ወረቀት ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ። ከመኪኖቹ ጎን የተቀመጡ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በአጠገባቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ወሰኑ ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ አባቴ።»

«አብሽር፤ ይገኛል። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ አታጡትም።»

ሽሙጥ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አልነበረም። ወሰኑ ሲገኝ እህሉ እንደሚመጣ ከልባቸው አምነዋል፤ ስለዚህ እንድናገኘው ዱዓ ያደርጉልን ነበር። ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አልለየሁም።

የለየልኝ ከጭነት መኪኖቹ የአንዱ ሹፌር ነው። የደሴ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ጃኬቱ በዘይት የጠቆረ። ከመኪናው ወርዶ ዋና ጸሐፊው ፊት ቆመ።

«ጌታው፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ወሰን።»

«ወሰን! ወላሂ ይህን ሰው እያዩ ወሰን ይፈልጋሉ? ድጅኖና አካፋ ይዘው የመጡ መስሎኝ ነበር እኮ! ድንጋይ ሞልቷል፣ ሰው ሞልቷል፤ ድንጋዩን ገደሉ ውስጥ ካብነው ማለት መኪናዬ ያልፋል።»

«በእኛ ክልል ከሆነ እናሠራዋለን። ካልሆነ ግን...»

«ካልሆነስ? ካልሆነ እነዚህ ይሙቱ?»

ዋና ጸሐፊው ወደ እኔ ዞሩ። «ሹፌሩ ሥርዓት እንደጎደለው ጻፍ» አሉኝ።

አልጻፍኩም። ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ትንሽ ቆይተው ደከማቸው መሰል፣ «ሄደን በዝርዝር እንጽፍላቸዋለን» ብለው ወደ ላንድሮቨሩ ተመለሱ። እኔ ግን ከማዶ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ!» አሉኝ ከወዲያ ማዶ።

«አልገባም፣ ጌታዬ።»

«ምን ልትሠራ?»

ምን እንደምሠራ አላወቅሁም ነበር። አፌ ግን «መንገዱን» አለ። በሩን ዘጉና ሄዱ።

ኮቴን አወለቅሁና ከመኪናው ጎን ሰቀልኩት። ሹፌሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ሳቀም። ወዲያው ግን ሳቁን ተወና ሥራ ጀመርን። አቅም ያለው ሰው ተነሥቶ ተጠጋ። ከቅርቡ መንደር አንድ ግንበኛ ተጠርተው መጡ፤ የቤትና የእርሻ ካብ በመካብ የሚታወቁ፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው። ገደሉን አይተው መጀመሪያ መንግሥትን ሰደቡ፣ ቀጥለው ሹፌሩን፣ ከዚያ እኔን።

ሰው ግን ባዶ ሆዱን ድንጋይ እስከ መቼ ይሸከማል? ከሰዓት ላይ አንድ ሁለት ሰዎች ተቀመጡና መነሣት አቃታቸው። እህሉ ከአጠገባችን ነው፤ እጅ ቢዘረጋ ይነካል። እህሉን የሚጠብቀው አሥር አለቃ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

«ከጆንያው ጥቂት ይከፈትና ለሚሠራውም ለተኛውም ንፍሮ ይቀቀል» አልኩት።

«ያለ ደብዳቤ አንዲት ፍሬ አትወጣም።»

«እነዚህ ሰዎች እኮ እህሉ የተላከላቸው ሰዎች ናቸው!»

«አውቃለሁ» አለ አሥር አለቃው፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አነሣ። «ወንድሜ፣ እኔንም ሰዉ ሲያየኝ ሲውል ያመኛል። ነገ ግን የት አደረስከው ብለው የሚጠይቁኝ እኔን ነው። የማሳየው ነገር ስጠኝ።»

ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ ወሰኑ የሚጻፍበት የነበረው። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፦ እህሉ እንዲከፈት አዝዣለሁ፣ ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ። ፈረምኩ። አሥር አለቃው ማኅተም የለውም አላለኝም። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሸራውን ራሱ ገለጠ።

የናፍጣ በርሜል አጥበን በእሱ ቀቀልን። ንፍሮው ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። ያን የበላ ሁሉ እስከ ዛሬ ጣዕሙን የሚረሳው አይመስለኝም።

ድንጋይ መሸከም አልችልበትም ነበር። መዳፌ በመጀመሪያው ቀን ተገሸለጠ። ግንበኛው ድንጋይ ባቀበልኳቸው ቁጥር ይጮኹብኛል።

«አገላብጠው እንጂ፣ አንተ ጸሐፊ! ደብዳቤ መሰለህ፣ ወርውረኸው የምትሄድ?»

ተናድጄ አገላብጠዋለሁ። መልሰው ይጮኻሉ። አንዳንዴ እሳቸውም ይሳሳቱና የካቡት ተንዶ እንደገና ይጀምራሉ፤ ያኔ ድንጋዩን እናቱን ይሰድቡታል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀና ብዬ ገደሉን አየሁ። ስንደርስ ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ካብ አለ። ቆሞ ይታያል፤ ብረግጠው ይችለኛል። ወጣሁበትና ዘለልኩበት። ሹፌሩ «አበደ» አለ። ይቅርታ አድርጉልኝና ከዚያ በፊት ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ደስታዬ ዕድሜ አልነበረውም። ነጭ ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ ንፍሮ ሲቀርብላቸው በእጃቸው ይዘውት ብቻ ተቀመጡ። አፋቸው ውስጥ ያደረጉላቸውን መልሰው ተፉት፤ ሆዳቸው እህል መቀበል ትቶ ነበር። ሴቶቹ ሾርባውን ብቻ በትንሽ በትንሹ ሲያጠጧቸው አመሹ። በማግስቱ ጠዋት ሳያቸው አንገታቸው ወደ መኪናው ጎማ ዘንበል ብሎ ነበር። ስንዴው ከራሳቸው በላይ ነበር፤ ጆንያው ቢቀደድ ፀጉራቸው ላይ ይፈስ ነበር።

ግንበኛው ሶላተል ጀናዛውን፣ የሬሳውን ሶላት፣ አሰገዱ። እኔና ሹፌሩ ጉድጓዱን ከቆፈሩት ጋር ቆፈርን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አፈር አለበሰ። ግንበኛው ያን ዕለት ማንንም አልተሳደቡም። እኔ ግን ስቆፍር ጥርሴን ነክሼ ነበር። ረሃብ ገደላቸው ይባላል። ረሃቡማ እዚያ ድረስ አድርሷቸዋል፤ በእግራቸው መጥተው ከእህሉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የገደላቸው ወሰን ፍለጋው ነው። ይህን ማንም አያስተባብለኝም፣ እኔ እዚያ ነበርኩና።

ካቡ አለቀ። ሹፌሩ የመጀመሪያውን መኪና በዝግታ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አሻገረ። ሰዉ እልል አላለም፤ ለእልልታ አቅም አልነበረውም። መኪናው ሲያልፍ ድንጋዮቹ አንድ ጊዜ ገጭ ብለው ተቀመጡ። ግንበኛው «በሉ፣ ከእንግዲህ አይነቃነቅም» አሉና መሬት ላይ ተዘረሩ። ሌሎቹም መኪኖች ተከተሉ።

ከተማ ስገባ ልብሴ በጭቃ እንደተላቆጠ ቢሮ አስጠሩኝ።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉ ዋና ጸሐፊው።

«የሚፈቅድ ሰው እዚያ አልነበረም።»

«ስለዚህስ?»

«ስለዚህ ፈቃጁ እኔ ነበርኩ።»

ሥራ ጥሎ በመጥፋትና ያለ ሥልጣን የመንግሥት እህል በማዘዝ ታገድኩ። በዚያው ሳምንት ለበላይ የተላከውን ሪፖርት ባልደረባዬ በቃሉ ነገረኝ፦ መሻገሪያው በመሥሪያ ቤታችን ብርቱ ጥረት ተጠግኗል ይላል። ሰምቼ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን የጤና አልነበረም።

አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። መዳፌን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«እኔ ዓይኔን አጥፍቼ ያስያዝኩህ ጽሕፈት ለዚህ ነው? ድንጋይ ልትሸከም?»

«ሰው ሲሞት ነበር፣ አባባ።»

«ሰው እንዲሞት አልኩህ? የሠራኸውን ሠርተሃል፤ አሁን ይቅርታ ጠይቀህ ወንበርህ ላይ ተመለስ ነው የምልህ!»

«አልመለስም።»

«እንግዲያስ ወደዚህም አትመለስ» አሉ።

እናቴ ከበር ጀርባ ስታለቅስ ሰማሁ። ወጣሁ። በአባቴ ላይ የነበረኝ ንዴት ከሌላው ሁሉ የከፋው ነበር፤ ሌሎቹን ስለማልወዳቸው ይሆናል።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ማርሽ ሲያሰማ ዋለ። እውነት እላለሁ፣ እንደ ልጅ ጨፈርኩ። አሁን ያ ቢሮ ይፈርሳል አልኩ። ተማሪዎች ለዘመቻ መጡ፣ መሬት ላራሹ ተባለ፣ ገበሬው መሳቅ ጀመረ። ያ ሁሉ እውነት ነበር፤ አልክድም። ቢሮው ግን አልፈረሰም። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ወርዶ ሌላ ተሰቀለ፣ ያ ብቻ ነው። ዋና ጸሐፊውስ? ኮታቸውን አውልቀው ካኪ ለበሱ። ከዚያው ወንበር ላይ «ጓድ» ተባሉ።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አስጠሩኝና መድረክ ላይ አቆሙኝ። እሳቸው ራሳቸው፣ በገዛ አፋቸው፣ «ይህ ጓድ በፊውዳሉ ቢሮክራሲ የተበደለ ነው» ብለው ተናገሩ። ሰው አጨበጨበ። ፊታቸውን ትክ ብዬ አየሁት፤ ትንሽ እንኳ አልቀላም። ሲጨርሱ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ተወሰነ፤ ከበፊቱ የተሻለ ጠረጴዛም ተሰጠኝ።

ተመለስኩ። ማን ያውቃል ብዬ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ከደጋው የመጡ ገበሬዎች ምንጫቸው በናዳ እንደተደፈነ፣ ሴቶቹ ለውሃ ገደል እየወረዱ እንደሚወድቁ ነገሩን። ምንጩን የሚከፍት ሰውና መሣሪያ ነበር የፈለጉት። ዋና ጸሐፊው ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፍ፤ ጉዳዩ በኮሚቴ እስኪጠና ድረስ...»

ብዕሩን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው፣ ጓድ?»

«ምንጩን ልከፍት።»

«ተቀመጥ! አብዮቱ የሚፈልግህ እዚህ ነው።»

«አብዮቱ ደብዳቤ ነው እንዴ የሚበላው?» አልኩ። ድምፄ ደጅ ድረስ ተሰማ። ገበሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ለእኔ ፈርተው።

በአሻጥረኛነት ታሰርኩ። የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነበር፤ እየዋለ እያደረ የተማሪ ልጆች እየሞሉት ሄዱ። እኔ ከእነሱ ጋር ስተያይ ጥፋቴ ቀሎ ታየና ቦታ ለማስለቀቅ ተለቀቅኩ። ከእነዚያ ልጆች መካከል እየተጠሩ ወጥተው ያልተመለሱ አሉ። ስለ እነሱ እዚህ አልናገርም፤ ከጀመርኩ አላቆምም።

ከእስር እንደወጣሁ ከተማ አልዋልኩም። ጅረቱን ተሻግሬ ግንበኛው ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ድንጋይ ሲጠርቡ አገኘኋቸው።

«ሥራ ስጡኝ፣ ጋሼ።»

«አንተ ጸሐፊ! መንግሥት ወንበር ሰጥቶህ አልነበር?»

«ጥዬው መጣሁ።»

«ጅል ነህ። እኔ ደመወዝ የለኝም። ከሠራንበት ቤት የሚሰጡንን አብረን እንበላለን።»

«አውቃለሁ።»

«ስድቤንም ታውቃለህ» አሉና መዶሻውን አቀበሉኝ።

ዓመታት አብሬያቸው ሠራሁ። የተደፈነውን ምንጭ ከፈትን፤ ኮሚቴው ምናልባት እስከ አሁን እያጠናው ይሆናል። ካብ ካብን፣ መሻገሪያ ሠራን፣ የወደቀ ቤት አነሣን። ሥራው ሁሉ ገነት ነበር አልልም። ወገቤ እስከ ዛሬ ቀጥ አይልም። ግንበኛው በሆነ ባልሆነው ያስለቅሱኝ ነበር፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጥያቸው ሄጄ ተመልሻለሁ። የሠራነው የፈረሰብንም ብዙ ነው። ነገር ግን ከእንቅልፌ ስነሣ ያ ደጃፍ ላይ የያዘኝ ጥያቄ አልተነሣብኝም።

አባቴ አንድ ጊዜ መጡ። ከከተማው ዳር የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት መሠረት እያወጣን ነበር። በቅሏቸውን አስረው ጥላ ሥር ተቀመጡና ከጠዋት እስከ ምሳ አዩኝ። ግንበኛው ተነሥተው በአክብሮት ሰላም አሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ። ምሳ ሲቀርብ አባቴ ጠሩኝ።

«እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋሁላቸው። መዳፌን ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ አዩት። ጣቶቼ ወፍረው፣ መገጣጠሚያቸው አብጦ ነበር።

«ከእንግዲህ ብዕር አይዝም» አሉ።

«አይዝም፣ አባባ።»

«ያ ጽሕፈት ያምር ነበር» አሉና እጄን ለቀቁት። ተቆጥተው አልነበረም። እኔም ያዘጋጀሁትን መልስ ሁሉ ዋጥኩት። ሲሄዱ እርካቡን ይዤ በቅሏቸው ላይ አወጣኋቸው። ቤት ና አላሉኝም፤ ግን በሚቀጥለው በዓል ሄድኩ፣ እናቴም ከበር ጀርባ አላለቀሰችም። ስለ ሥራዬ ግን እስከ ሞቱ ድረስ አንዴም አልጠየቁኝም።

ግንበኛው ካረፉ በኋላ ሥራውን ብቻዬን ቀጠልኩ። መንግሥት ዳግም ተለወጠ፣ ዳግምም ረሃብ ነበር፣ ቢሮዎቹም በድንጋይ ፈንታ በብሎኬት ተሠሩ። እዚያ ደጅ ዛሬም ሰው ቁጭ ብሎ ሳይ እሳደባለሁ፤ ልጆቼ እጄን ይዘው ይጎትቱኛል። ይጎትቱኝ። ንዴቴ አይበርድልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ጉልበቴ ከመድከሙ በፊት መጨረሻ የሠራሁት ወደ ደጎሎ መሄጃ ባለ አንድ መንደር የምንጭ ማጎልበቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ለሰንን፣ ቧንቧውን ተከልን፣ ውሃው መጀመሪያ ጭቃ፣ በኋላ ጠርቶ መጣ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወረዱ። ወዲያው በተራ ተጣሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጀሪካን በእግሯ ገፋችው፣ ጩኸቱ ቀለጠ። ማንም አላየኝም፣ ማንም አላመሰገነኝም። መዶሻዬን ከውሃው አጥቤ በስልቻዬ ከተትኩና ጭቅጭቃቸውን እየሰማሁ ዳገቱን ወጣሁ።